«ንጹሕ ከሆነ ያስረዳ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «ይህን አንብብና ምን እንደምትል ንገረኝ» ብሎ ነው የላከው። አነበብኩት። ማታ ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ጽሑፉ ስለ ማስረዳት ሸክም ነው። አንድ ነገር ሲባል እውነት መሆኑን የማሳየት ግዴታ ያለበት ማን ነው? ተናጋሪው ነው ወይስ የተነገረበት?

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። የተናደዱበት ነገርም ይገባኛል። ሰፈሩ ሁሉ ሌባ የሚለው ሰው «ማስረጃ አልቀረበበትም» ተብሎ ሲለቀቅና በማግስቱ በር ላይ ቆሞ ሲታይ ያበግናል። ግን ከዚያ ንዴት ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ የብዙ ሰው ቤት ሊያፈርስ የሚችል ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበበ ሰው ሐሳባቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ። የማስረዳት ሸክም የሚባለው ነገር የጠበቆች ቋንቋ ስለሆነ በተራው ኑሮ ቦታ የለውም ይላሉ። ንጹሕ ሰው ንጹሕነቱን ማስረዳት አይከብደውም፣ ዝም ካለ የሚደብቀው ነገር አለ ይላሉ። ሕጉ ሁልጊዜ ከሳሽን ብቻ እያስለፋ ተከሳሽን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጣል ይላሉ። ተከሳሽ በነጻ ከተለቀቀ ከሳሹ ዋሽቷል ማለት ስለሆነ ከሳሹ ይጠየቅ ይላሉ። ብዙ ሰው የሚያወራው ነገር በራሱ ማስረጃ ነው ሲሉም ያክላሉ። በመጨረሻም ዕቃ ስለጠፋበት ባለሱቅ አንድ ምሳሌ ያመጣሉ፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«የጠበቆች ቋንቋ ነው» የሚለው ብዙ አያቆየንም። ገጠር ሄዳችሁ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ ተመልከቱ። አንዱ «ድንበሬን ገፋብኝ» ይላል። ሽማግሌው ፊታቸውን መጀመሪያ የሚያዞሩት ወደ ማን ነው? ወደ ተናጋሪው። «እማኝ ቁጠር» ይሉታል። እዚያ ዛፍ ሥር ጠበቃ የለም። ኦሪት ዘዳግም 19፥15 ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች ቃል ነው ይላል፤ አንድ ሰው ብቻውን ተነስቶ ቢመሰክር አይበቃም። በእስልምናም ማስረጃ በከሳሽ ላይ፣ መሐላ በካደው ላይ ነው የሚለውን መርህ የማያውቅ ቃዲ የለም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሮም የሕግ ሊቃውንትም የማስረዳት ሸክሙ አለ በሚለው ላይ እንጂ የለም በሚለው ላይ አይደለም ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ ነገሩ ከጠበቆች በፊት የነበረ ነው። ጠበቆች ናቸው ከሕዝቡ የወሰዱት።

ደግሞ ቃሉን ራሱን እዩት። ማስረዳት ማለት ሌላው ሰው እንዲረዳ ማድረግ ነው። «እኔ አውቃለሁ» ማለት ማስረዳት አይደለም። ያወቅኩትን ነገር ያላየው፣ ያልሰማው ሰው ፊት ማቅረብ መቻል አለብኝ። ሸክም የሚለውም በትክክል የገባ ቃል ነው። ትከሻ ላይ ያለ ሸክም እስኪወርድ ድረስ የተሸካሚው ነው። ሊወርድ ይችላል። ወደ ሌላ ሰው ትከሻም ሊተላለፍ ይችላል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ዋናውን ነገር ልበል። ጸሐፊው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የማስረዳት ሸክም «እውነተኛው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አድርገው ነው የሚያዩት። አይደለም። ሸክሙ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁሉም ከተሰማ፣ ሁሉም ከታየ በኋላ እውነቱ ባይታወቅስ? ዳኛው ከሁለቱም ወገን ሰምቶ «አላውቅም» የሚልበት ቀን አለ። ግን «አላውቅም» ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። አንዱ መሸነፍ አለበት። ሸክሙ ያኔ ማን እንደሚሸነፍ አስቀድሞ የተነገረ ውሳኔ ነው። ይህ ካልገባን ሌላው ሁሉ ይምታታብናል።

«ንጹሕ ሰው ማስረዳት አይከብደውም፣ ዝም ካለ የሚደብቀው አለ» ወደሚለው ሁለተኛ ነጥብ ልለፍ። በዚህኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ቤታችን ስለገባ።

እናቴ ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነበረች። አንድ ጊዜ ሂሳብ ጎድሏል የሚል ወሬ ተነሳ። ማን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አናውቅም። ወሬው በሳምንት ውስጥ ከአንድ ቤት ቡና ወደ ሌላ ቤት ቡና ሄዶ ሰፈሩን ጨረሰ። ፊት ለፊት መጥቶ «ሰርቀሻል» ያላት ሰው አልነበረም። የሚባለው «ንጹሕ ከሆነች ታዲያ ለምን አታስረዳም?» ነበር። ልክ ጸሐፊው እንዳሉት። እናቴ እንቅልፍ አጣች። «ያልወሰድኩትን አለመውሰዴን በምን ላሳይ?» ትለን ነበር።

በመጨረሻ ስብሰባ ተጠራ። የእድሩ ዳኛ ያደረጉትን አልረሳውም። መጀመሪያ ወደ እናቴ ዞሩ። «የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ሂሳብ ያቀርባል። መዝገቡንና ደረሰኙን አምጪ» አሏት። አመጣች። ሦስት ደብተር፣ በላስቲክ የታሰረ የደረሰኝ እሽግ፣ የባንክ ደብተር። ገቢው ተደመረ፣ ወጪው ተቀነሰ፣ ባንክ ካለው ጋር ተያየ። ገጠመ። ከዚያ እኚያ ሰው ወደ ተሰብሳቢው ዞሩና «እሷ የድርሻዋን አድርጋለች። አሁንም ጎድሏል የሚል ካለ ይነሳ። በየትኛው ወር ስንት ብር እንደጎደለ ያሳየን» አሉ። አንድም ሰው አልተነሳም።

የእድሩ ዳኛ ያዩትን ልዩነት ጸሐፊው አላዩትም። እናቴ የሰው ገንዘብ ስለያዘች ሂሳብ የማቅረብ ሸክም ነበረባት። ይህ ፍትሐዊ ነው። ደብተሩ ያለው እሷ ጋ ነው፣ ሌላ ሰው ሊያቀርበው አይችልም። ሸክሙን አወረደች። «ሌባ አለመሆንሽን አሳዪ» ግን ፍጹም ሌላ ጥያቄ ነው። ያንን ሸክም መሸከም ያለበት ሌባ ያላት ሰው ነው።

ሌሊት የማስበው ደግሞ ይህን ነው። ያ ደብተር ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶ በስብሶ ቢሆንስ? እናቴ ያው እናቴ ናት። አንዲት ሳንቲም አልነካችም። ግን በጸሐፊው መለኪያ ሌባ ትሆን ነበር። ንጹሕ መሆንና የንጹሕነት ማስረጃ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትናንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት የት ነበራችሁ? ተኝታችሁ። ማን አያችሁ? ብቻውን ለሚኖር ሰው መልሱ «ማንም» ነው። ከሁላችንም በላይ ንጹሕ የሆነው፣ ሥራውን ሠርቶ ቤቱ ገብቶ የተኛው ሰው፣ ምስክር የለውም።

ዝምታም ጥፋተኛነት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠርና በምስክርነት እንዲቀርብ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ይህ ለወንጀለኛ የተሰጠ ስጦታ አይደለም። ሰው በብዙ ምክንያት ዝም ይላል። ይፈራል። ያፍራል። ወንድሙን ይሸፍናል። ቋንቋው አይመጣለትም። ወይም እንደ እናቴ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል።

«ያስረዳ» የሚለውን መንገድ አገራችን ሞክራው ታውቃለች። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሻይ የሚለው እዚህ ጋ ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም፤ ከመሻት፣ ከመፈለግ የመጣ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠዋል። ከዚያ ወገቡን በገመድ ታስሮ በየሰፈሩ ይመራል። እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባው እሱ ነው ይባላል። ባለቤቱ እንግዲህ ያስረዳ። ምን ብሎ? የሰከረ ልጅ ለምን ቤቴ እንደገባ አላውቅም ከማለት ሌላ ምን አለው? አያቶቻችን ዘመን ከዚህ ፍርሃት ጋር የኖረ ሰው ስንት ነው። ዛሬ የልጁን ቦታ ስልክ ላይ የሚዘዋወር ፎቶ ወስዶታል፤ የባለቤቱ ጭንቀት ግን ያው ነው።

የእኛ ችግር ብቻም አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1934 መጨረሻ ሬጂናልድ ዉልሚንግተን የተባለ ወጣት የእርሻ ሠራተኛ ሚስቱ በያዘው ጠመንጃ ተመትታ ሞተች። «ባረቀብኝ እንጂ ልገድላት አልነበረም» አለ። ዳኛው ለሸንጎው፣ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ድንገተኛ መሆኑን የማሳየት ሸክም የእሱ ነው አሉ። ሞት ተፈረደበት። ጉዳዩ በ1935 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ሲደርስ ፍርዱ ተሻረ። ጉዳዩን ካዩት ዳኞች አንዱ ሎርድ ሳንኪ በእንግሊዝ የወንጀል ሕግ ድር ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታይ አንድ የወርቅ ክር አለ፣ እሱም ጥፋተኛነትን ማስረዳት የከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ግዴታ መሆኑ ነው አሉ። ልብ በሉ፣ ባረቀብኝ ማለቱ እውነት ይሁን ውሸት ማንም በእርግጠኝነት አላወቀም። ባልታወቀ ነገር ሰው አይሰቀልም ነው የተባለው።

«ሕጉ ሁልጊዜ ከሳሽን ብቻ ያስለፋል» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ደግሞ በቀጥታ ስህተት ነው። እዚህ ጋ ስሜት ሳይሆን ሕጉን ከፍቶ ማየት ይበቃል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ሁለት ነገር ይላል። አንድ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል። ግዴታው ፈራሽ ነው፣ ተለውጧል ወይም ቀሪ ሆኗል የሚል ሰው ደግሞ ያንን ያስረዳል። ይህን ወደ ተራ ኑሮ እናምጣው። ጎረቤትህ «50,000 ብር አበድሬሃለሁ፣ መልስልኝ» ብሎ ከሰሰህ። «በፍጹም አልተበደርኩም» ካልክ ሸክሙ የእሱ ነው። «ተበድሬ ነበር፣ ግን ባለፈው ዓመት ከፍያለሁ» ካልክ በዚያች ቅጽበት ሸክሙ ወደ አንተ ትከሻ ተሻገረ። ብድሩን አምነሃል። መክፈልህን የምታሳየው አንተ ነህ። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም።

በነገራችን ላይ ይህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ትንሽ ልጨምርበት። በዚያው ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ ማስረዳት የሚቻለው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። ምስክር አይሰማም። አሥር ሰው ቆሞ እያየ ብትቆጥርለትም። የተከፈለበትም ማስረጃ እንደዚያው ነው። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ ቢጋበዝበት የሚያልቅ ነው። ግን ሕጉ እንዳለ አለ። «በወዳጅነት ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው» እያልን ስንት ሰው ገንዘቡንም ወዳጁንም አጣ። ወረቀቱን ጻፉ። ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ። ነውር የለውም።

መኪና ደግሞ አለ። በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ማሳየት አለበት። ግን በቁጥር 2081 እና 2086 መሠረት የመኪናው ባለቤት «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ ማሳየቱ አያድነውም። የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም ማለትም አያድነውም። መዳን የሚችለው ጥፋቱ የተጎጂው እንደሆነ ካሳየ፣ ወይም መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ለምን? መንገድ ላይ የወደቀው እግረኛ ፍሬኑ መቼ እንደተመረመረ ከየት ያውቃል? አደገኛውን ነገር ወደ መንገድ ያወጣውና ጥቅሙንም የሚያገኘው ባለቤቱ ነው።

ሙስና ላይ እንኳ ሕጉ ጸሐፊው እንዳሉት አይደለም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ምንጩ ያልታወቀ ንብረት መያዝን ወንጀል ያደርጋል። ከደመወዙ ጋር የማይመጣጠን ሀብት ይዞ የተገኘ የመንግሥት ሠራተኛ ከየት እንዳመጣው አጥጋቢ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ግን ቅደም ተከተሉን እዩ። መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ገቢው ይህን ያህል፣ ንብረቱ ይህን ያህል ብሎ ክፍተቱን ያሳያል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእድሩ ዳኛም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የወንጀል ችሎት ዜና የሚከታተል ሰው «ተከሳሹ እንዲከላከል ብይን ተሰጠ» የሚለውን ደጋግሞ ሰምቷል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አለቀለት» ይላል። አላለቀለትም። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 141 ላይ እንደተጻፈው ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ሲጨርስ ዳኛው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ ማስረጃ ማንም ባያስተባብለው ለጥፋተኛነት ይበቃል? አይበቃም ካለ ተከሳሹ አንዲት ቃል ሳይናገር በነጻ ይሰናበታል። ይበቃል ካለ ተከላከል ይባላል። ተከላከል ማለት ተራው ደረሰህ ማለት ነው። ተከሳሹም ንጹሕ መሆኑን ጥርት አድርጎ ማሳየት የለበትም። የዐቃቤ ሕጉን ማስረጃ የሚያጠራጥር ነገር ካመጣ ይበቃዋል።

አራተኛው ነጥብ በጣም ያሳዘነኝ ነው። በነጻ ከተለቀቀ ከሳሹ ዋሽቷል፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም መሆን አለበት ይላሉ። ሦስተኛ መንገድ አለ እኮ። ሁለቱም የሚያውቁትን ተናግረው ዳኛው እርግጠኛ መሆን ሲያቅተው። በወንጀል ዐቃቤ ሕግ የሚጠበቅበት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ነው። ከፍ ያለ ግድግዳ ነው። ሆን ተብሎ ነው ከፍ የተደረገው፤ በግድግዳው ማዶ ያለው እስር ነውና። «ግድግዳውን አላለፈም» ማለት «ውሸት ነው» ማለት አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ የሆነውን የማያስታውስ ጥቂት ነው። ዝነኛው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የነበረው ኦ. ጄ. ሲምፕሰን የቀድሞ ሚስቱንና አንድ ወጣት ገድሏል ተብሎ ተከሶ በ1995 በወንጀል በነጻ ተለቀቀ። በ1997 ደግሞ በፍትሐ ብሔር ችሎት ለሞታቸው ኃላፊ ነህ ተብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት። ብዙ ሰው ይህ እንዴት ይሆናል ይላል። መለኪያው ስለሚለያይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሚዛኑ ወደ አንዱ ወገን ከደፋ ይበቃል። የእኛም ሕግ ይህን ያውቃል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 ካሳ የሚጠየቅበት ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነጻ ውሳኔ አይገደድም ይላል።

ጸሐፊው እንዳሉት ከሳሽ በተሸነፈ ቁጥር ይጠየቅ ብንል መጀመሪያ አፏን የምትዘጋው ማን ናት? የተደፈረችው ልጅ ናት። በተዘጋ በር ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ምስክር የለም። ብዙ ጊዜ ፈርታ ወይም አፍራ ሐኪም ቤት የሄደችው ዘግይታ ነው። ማስረጃው አነሰ ተብሎ ሰውየው ቢለቀቅ እሷ ልትታሰር ነው? ሕጉ በሐሰት መክሰስን ይቀጣል፣ ልክ ነው። ግን የሚቀጣው ሰውየው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ የወነጀለን ነው። እያወቀ ነበር የሚለውንም የሚያስረዳው ዐቃቤ ሕግ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር እዚህ ላይ አይረሳ። እኔና እናንተ ፍርድ ቤት አይደለንም። ጓደኛችሁ መጥታ «እንዲህ አደረገኝ» ብላ ብታለቅስ ምስክር ቁጠሪ አትሏትም። ታቅፏታላችሁ። ሐኪም ጋ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ለዚያ የሚያስፈልገው ማስረጃ የእሷ ቃል ብቻ ነው። የሰውየውን ፎቶ ለጥፎ ከሥራ ይባረር፣ ከሰፈር ይውጣ ለማለት ግን ሌላ መለኪያ አለ። ምን ያህል ማስረጃ ያስፈልጋል የሚለው ልታደርጉት ባሰባችሁት ነገር ይወሰናል። ብትሳሳቱ ማን ምን ያጣል? ጃንጥላ ይዞ ለመውጣት የደመና ጭላንጭል ይበቃል። ሰውን ለመስበር አይበቃም።

«ብዙ ሰው ያወራው ነገር ማስረጃ ነው» ላይ አጭር ልሁን። አማርኛችን መረጃ እና ማስረጃ የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። መረጃ የደረሰን ነገር ነው፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ውሸት ሊሆን ይችላል። ማስረጃ ግን ተገላብጦ፣ ተፈትሾ ሌላውን ሰው የሚያሳምን ነው። «መረጃ አለኝ» ብሎ የሚጮህ ሰው ስትሰሙ ማስረጃውስ? በሉት። አንድ ሺህ ሰው አንድን ወሬ ቢቀባበል ወሬው ሺህ ምስክር አላገኘም። ምንጩ ያው አንድ ሰው ነው። እሱም ምናልባት ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው።

ይህ በጤና ጉዳይ ሲመጣ ሰው ይገድላል። «ይህ ቅጠል ስኳር በሽታን ነቅሎ ያጠፋል» የሚል ቪዲዮ ይወጣል። ሐኪም ተጠራጥሮ ሲጠይቅ «እስቲ እንደማያድን አስረዳ» ይባላል። ሸክሙ ተገላበጠ ማለት ነው። ያድናል ያለው ሰው ስንት ሰው ላይ ሞከረው? ምን ያህሉ ዳነ? ማን ለካው? ይህን ሳይመልስ ኢንሱሊኑን አቁሞ ቅጠሉን የጠጣ ሰው ቢሞት ማን ይጠየቃል? «የለም» የሚል ሰው ፈጽሞ አያስረዳም እያልኩ አይደለም። አንዳንድ «የለም» በቀላሉ ይታያል፤ ኪሴ ውስጥ ገንዘብ የለም ካልኩ ኪሴን እገለብጣለሁ። «ይህ ቅጠል የትም ቦታ፣ ማንንም ሰው አድኖ አያውቅም» የሚለውን ግን ማን ገልብጦ ያሳያል?

ወደ ባለሱቁ ምሳሌ ልመለስ፣ ቃል ስለገባሁ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። አንድ ሱቅ አምስት ሠራተኛ አለው። አምስቱም ቁልፍ አላቸው። ዕቃ ጠፋ። ባለሱቁ አምስቱንም ጠርቶ እያንዳንዳችሁ አለመውሰዳችሁን አስረዱ ይበል፣ ማስረዳት ያቃተው ይሰናበት። ቀላልና ፍትሐዊ ነው ይላሉ።

ምሳሌውን በእውነተኛ ሰዎች ሞልታችሁ እዩት። አንደኛዋ ያን ቀን ልጇን ሆስፒታል ይዛ ነበር፤ የካርድ ደረሰኝ አላት። አንደኛው ሠርግ ላይ ነበር፤ ቪዲዮ ላይ ይታያል። ሦስተኛው ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የሚሰናበተው ሦስተኛው ነው። ዕቃውን የወሰደው እሱ ስለሆነ ሳይሆን፣ ብቻውን ስለሚኖር። የወሰደውማ አስቀድሞ አስቦበታል፤ የሚያቀርበው ምስክር ያዘጋጀው እሱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛን የሚያሰናብትባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል። ክርክር ከተነሳ ምክንያቱ መኖሩን የሚያሳየው አሰናበትኩ ያለው አሠሪ ነው። ይህ ለባለሱቁ ጭካኔ አይደለም። ዕቃ ቆጠራ የሚይዘው እሱ ነው። ፈረቃውን የሚመድበው እሱ ነው። ካሜራ መትከል፣ ቁልፍ ለማን መቼ እንደተሰጠ መዝገብ ላይ ማስፈረም የሚችለው እሱ ነው። ያ የተኛው ልጅ ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም። ባለሱቁ ይህን ሁሉ አድርጎ አንዱ ላይ ከደረሰ፣ ያኔ ጠርቶ «ይህን እንዴት ታየዋለህ?» ይበለው። ያኔ ልጁ የሚመልሰው የተወሰነ ጥያቄ ይኖረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ጸሐፊውን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። አምስቱ ሠራተኞች ቁልፍ ስላላቸው ነው የተጠረጠሩት። ባለሱቁም ቁልፍ አለው። በእሳቸው መለኪያ እሱስ አለመውሰዱን ለማን ያስረዳል?